ጫማ ሰፊው፣ የኦክላሆማው ሰው እና የሀገረ ሕይወት ትምህርት ቤት



አምቦ ላይ ከፍተኛ ትምህርትን የተከሉት ባፕቲስቶች አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ርእሱን አይታችሁ ከመጣችሁት መካከል «ደግሞ የትኛው የባፕቲስት ኮሌጅ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ ስለምገምት ነው። ነገር ግን የዚህች ከተማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከተማዋ ገና ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረበት ዘመን፣ ከአንድ የባፕቲስት ኮሌጅ ከወጣ ሰው ሥራ ጋር ጎን ለጎን ተጉዟል። ጎን ለጎን ተጉዘው ግን ሳይገናኙ ተላለፉ። የዛሬው ጉዳዬ ይህ ሳይገናኙ መተላለፍ ነው። እዚያ ለመድረስ ራቅ ካለ ቦታ መነሣት አለብኝና ትንሽ ታገሡኝ።

ባፕቲስቶች ከፕሮቴስታንት ወገን ናቸው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዞች መካከል የተነሡ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ባፕቲስቶች ግን ሕፃን አያጠምቁም። ሰው አድጎ፣ አምኖ፣ በገዛ አፉ መስክሮ ነው ወደ ውኃው የሚገባው። ለእኛ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላው ልማዳቸው ነው፤ እያንዳንዱ የምእመናን ጉባኤ ራሱን ያስተዳድራል። ከላይ የሚያዝ ጳጳስ የለም፣ ከኋላ የሚደግፍ የንጉሥ ግምጃ ቤት የለም። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውጪ ላሉ ሰዎች ዲግሪ ይከለክሉ ስለነበር እነዚህ ሰዎች ልጆቻቸውን ማስተማር ሲፈልጉ የራሳቸውን ቤት መሥራት ነበረባቸው። ገንዘቡ የሚመጣው ከገበሬው፣ ከሸማኔው፣ ከባለ ሱቁ ኪስ ነው። ስለዚህ የባፕቲስት ኮሌጅ ታሪክ የትም ብትሄዱ በአመዛኙ የዕዳ ታሪክ ነው። ዕዳ፣ ቃጠሎ፣ ክርክር።

ከሁሉም የበለጠ የሚገርመኝ የሴራምፖር ኮሌጅ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ዊልያም ኬሪ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ ሙያው ጫማ ሰፊ። በእኛ አገር ባለ እጅ ቆዳ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ እየተባለ ሲናቅ እንደኖረ ማናችንም አንስተውም። በእንግሊዝም ቢሆን ወንጌል እሰብካለሁ ብሎ የተነሣውን ጫማ ሰፊ የተማሩት ሰዎች በጋዜጣ ላይ መሳለቂያ ከማድረግ አልተመለሱም። ኬሪ ግን ከመስፊያው አጠገብ መጽሐፍ ዘርግቶ ላቲኑንም ግሪኩንም ዕብራይስጡንም ብቻውን ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1793 ቤተሰቡን ይዞ በሕንድ አገር ቤንጋል ገባ። ያን ጊዜ በቤንጋል ላይ የሚያዘው የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነው፤ ነጋዴ ሆኖ የሚገዛ፣ ገዥ ሆኖ የሚነግድ። ኩባንያው ሚስዮናዊ አይወድም። ሕዝቡን አስቆጥቶ ንግዴን ያበላሽብኛል ብሎ ይፈራል። ኬሪም መጀመሪያ የኢንዲጎ ቀለም ፋብሪካ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1800 ከካልካታ ከፍ ብላ በሁግሊ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ሴራምፖር ተሻገረ። ሴራምፖር የዴንማርክ ይዞታ ነበረች፤ የኩባንያው ትእዛዝ አይደርስባትም።

እዚያ ሦስት ሆኑ። ኬሪ ቋንቋ አዋቂው፣ ጆሹዋ ማርሽማን አስተማሪው፣ ዊልያም ዋርድ አታሚው። የማርሽማን ባለቤት ሐናም አለች፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ሦስት እያሉ ሲቆጥሩ እሷን ይዘሏታል እንጂ እሷና ባሏ የከፈቱት የአዳሪ ትምህርት ቤት ገቢ ባይኖር ኖሮ ሦስቱም ጾማቸውን ባደሩ ነበር። ሁሉም ያገኙትን በአንድ ካዝና ይጨምራሉ። ኬሪ እ.ኤ.አ. ከ1801 ጀምሮ ካልካታ በሚገኘው የፎርት ዊልያም ኮሌጅ ቤንጋሊኛ ማስተማር ጀመረ፤ በኋላም ፕሮፌሰር ተባለ። ደመወዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደዚያው ካዝና ነው። ልብ በሉ፤ የሚከፍለው ሚስዮናዊ አልወድም ያለው ያው ኩባንያ ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1812 ማተሚያ ቤታቸው ነደደ። ወረቀቱ፣ የእርሳስ ፊደሉ፣ የብዙ ዓመት የትርጉም ረቂቅ ዐመድ ሆነ። ማተሚያ መኪናዎቹ ግን ተርፈው ስለነበር ፊደሉን እንደገና ማቅለጥ ወዲያው ጀመሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1818፣ ኮሌጁን ከፈቱ። ኮሌጁ የክርስቲያን ልጆችን ብቻ አልተቀበለም፤ ሂንዱም ይገባል፣ የምሥራቁም ሥነ ጽሑፍ የምዕራቡም ሳይንስ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1827 የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬደሪክ 6ኛ ዲግሪ የመስጠት መብት በቻርተር ሰጠው።

ታዲያ ትልቁ ፈተና ከየት መጣ? ከኩባንያው አልመጣም፤ ከእሳቱም አልመጣም። ከወንድሞቻቸው ነው የመጣው። በእንግሊዝ አገር ያለው የባፕቲስት ሚስዮን ማኅበር «ሕንፃውና መሬቱ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሴራምፖር ሰዎች «በላባችን የሠራነው ነው፤ አደራውን የያዝነው እኛ ነን» አሉ። የመሥራቾቹ ዘመን አልፎ በወጣቶች የተተካ ኮሚቴ በመርከብ ወራት በሚፈጅ ደብዳቤ ያንን ክርክር ለዓመታት አካሄደው፤ ቻርተሩ በተሰጠበት በዚያው በ1827 ተለያዩ። ዋርድ ቀድሞ በ1823 በኮሌራ ሞቷል። ከ1830 ጀምሮ የካልካታ ትልልቅ የንግድ ቤቶች ተራ በተራ ሲወድቁ የሚስዮኑንና የኮሌጁን ተቀማጭ ይዘው ወደቁ። ኬሪ በ1834፣ ማርሽማን በ1837 አረፉ። ዴንማርክ በ1845 ሴራምፖርን ለእንግሊዞች ስትሸጥ አንድ ብልህ ሰው ቻርተሩ እንዲጸና የሚል ቃል በውሉ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ኮሌጁ በዚያ መብት የመጀመሪያዎቹን የነገረ መለኮት ዲግሪዎች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው፤ ወረቀቱ ከተፈረመ ከ88 ዓመት በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ ለአምቦ ሰዎች። ኬሪ ዕፅዋት ወዳድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 የሕንድ የእርሻና የአትክልት ማኅበርን ያቋቋመው እሱ ነው። ወንጌሉን ሰባኪው፣ ሰዋስው ጸሐፊው ሰው ስለ ዘርና ስለ አፈር የሚመክር ማኅበር መሠረተ። ኮሌጅና እርሻ ከዚያ ጀምረው ይተዋወቃሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ እዚያ ብዙ አልቆይም። በደቡቡ የአርካንሶ ግዛት፣ አርካዴልፊያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የግዛቲቱ ባፕቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1886 ዋሺታ የሚባል ኮሌጅ ከፈቱ። የርስ በርሱ ጦርነት ካለቀ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፤ አገሩ ድኻ ነው። ትምህርቱ የተጀመረው ቀድሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በነበረ ግቢ ነው። በዚያው ዓመት በዚያው ግዛት ሄንሪ ጋርላንድ ቤኔት የሚባል ልጅ ተወለደ። በ1907 ከዚያ ኮሌጅ ተመረቀ፤ አስተማሪ ሆነ፤ የመምህራን ኮሌጅ መራ፤ ከ1928 ጀምሮ ደግሞ የኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። እስከ ዕለተ ሞቱ ጽኑ ባፕቲስት ነበር።

የኦክላሆማው ኮሌጅ ግን የቤተ ክርስቲያን አይደለም። አሜሪካኖች በ1862 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ግዛት ከመንግሥት መሬት ድርሻ ተሰጥቶት፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ የሚማርበትን ኮሌጅ እንዲያቋቁም ተደርጓል። የእነዚህ ኮሌጆች ሥራ ሦስት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ዕውቀት ወደ ገበሬው ደጅ ማድረስ። ቤኔት ይህን ሥርዓት እንደ ሃይማኖት ነበር የያዘው። በእኔ አስተያየት ከድኻ የባፕቲስት ኮሌጅ የወጣ ሰው ሀብታም የመንግሥት ኮሌጅ ሲይዝ ሁለት ነገር አብሮ ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ትምህርት ለድኻው ነው የሚል እምነት፣ ሁለተኛው ገንዘብ እስኪገኝ አልጠብቅም የሚል ችኮላ።

እንግዲህ አገራችን እንግባ።

በ1936 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ስለ ሚስዮኖች ሥራ አንድ ድንጋጌ ወጣ። ድንጋጌው አገሪቱን ከሁለት ከፈላት፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል የሆነውና ለሚስዮን ክፍት የሆነው። በመጀመሪያው ክልል ሚስዮን ሐኪም ቤት ወይም ሃይማኖት የማይሰብክ ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል፤ ሊሰብክ ግን አይችልም። በሁሉም ስፍራ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ጣሊያን የተማረውን ትውልድ ጨፍጭፎ ከወጣ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኖታል፤ መንግሥት የሚስዮኖቹን አስተማሪና ሐኪም ይፈልጋል፣ ስብከታቸውን ይፈራል። የኬሪን ኩባንያ የሚያስታውሰው ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይህ ድንጋጌ ባፕቲስቶችም ሆኑ ሌሎች እዚህ አገር የሚሠሩትን ሥራ መልክ ሰጠው፤ ክሊኒክ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት እርሻ። ከስዊድን ስደተኞች የወረደው የአሜሪካ ባፕቲስቶች ሚስዮን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በዚሁ በአምቦ በኩል ሥራ ጀመረ። የደቡብ ባፕቲስቶች ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ መንዝ ገቡ፤ በዚያ ብርድ ሕክምና፣ ሽመና፣ የእንስሳት እንክብካቤ እያሉ። ስብከት በማይፈቀድበት ክልል ጤናና ልማት ይሠራ ነበር።

የከፍተኛ ትምህርቱም ቢሆን ከዚህ ስሌት አላመለጠም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ጃንሆይ አደራውን የሰጡት ለካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ነበር። ማት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው፤ አብረዋቸው የመጡትም እንዲሁ። ነገር ግን የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው በኮትና በከረባት ነበር የሚያስተምሩት፤ ስለ ሃይማኖታቸውም አይሰብኩም። ካህናት ያቋቋሙት ዓለማዊ ኮሌጅ! ይህን የመሰለ ብልሃት የሚገኘው በእኛ አገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ከመከፈቱ በፊት ግን እዚህ ሀገረ ሕይወት አንድ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዘመኑ 1939 ዓ.ም.፤ ሥራው እርሻ ማስተማር። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በአራት ዓመት ይቀድማል። ከጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት በስድስት ዓመት ይቀድማል። በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነችው አለማያ ያን ጊዜ ሐይቅና የገበሬ ማሳ ነበረች።

ለእርሻ ትምህርት አምቦን የመሰለ ስፍራ ማግኘት ይከብዳል። ወደ ላይ ወደ ወንጪ ብትወጡ ደጋ፣ ወደ ጉደር ብትወርዱ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የሚወድ መሬት፤ በጊንጪ በኩል ደግሞ ያ ክረምት የሚያስጨንቅ ዋልካ አፈር። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ኑጉ ሁሉ እዚህ አለ። ከዋና ከተማው የሚመጣው መንገድ በበሩ ያልፋል። ፍልውኃዋ ባለ ሥልጣኑን በየዓመቱ ወደዚህ ይስባል፤ የማዕድን ውኃው ፋብሪካም ከወረራው በፊት ጀምሮ ስሟን በየጠረጴዛው አድርሷል። ታዲያ የእርሻ ከፍተኛ ትምህርቱ ለምን ከዚህ አልተነሣም?

ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ ተማሪ ማግኘት ነበረበት። በ1930ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ኮተቤ ያለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ጀኔራል ዊንጌት የሚታወቁት ናቸው። እነሱን ያለፈ ልጅ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንጂ ወደ ማሳ አይመለከትም። ወላጅስ? አባት ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከእርፍ እንዲላቀቅለት ነው። «ተማርልኝ» ሲል «እንደኔ ጭቃ አትርገጥ» ማለቱ ነው። ይህን አባት ወደ እርሻ ትምህርት ቤት ጠርታችሁ «ልጅህን እንዴት ማረስ እንደሚቻል ልናስተምረው ነው» ብትሉት ምን የሚል ይመስላችኋል? ማረስማ እቤቱ አለ! የእርሻ ትምህርት ቤት ሁሉ የመጀመሪያ ጠላት ይህ ጥያቄ ነው፤ ስድብ ሳይሆን እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነም መልስ ይገባዋል። መልሱ የሚገኘው በትምህርት ቤቱ ማሳ ላይ ከጎረቤቱ ገበሬ የበለጠ ምርት ሲታይ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዘር፣ ምርምርና ጊዜ ያስፈልጋል። ተማሪ አስተምሮ ማስመረቅ አራት ዓመት ይበቃዋል፤ አንድ የተሻለ ዘር ማውጣት ግን አስር ዓመትም ላይበቃው ይችላል።

ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ በጃንሆይ ግብዣ። አገሪቱን ዞሮ አየ፤ የሰጠውም ምክር ከእሱ የሚጠበቀው ነው፤ የኦክላሆማውን ዓይነት ኮሌጅ ትከሉ፣ ማስተማሩን፣ ምርምሩንና የገበሬ ምክሩን በአንድ ጣሪያ ሥር አድርጉ። ወዲያው ፕሬዚዳንት ትሩማን «ነጥብ አራት» ለተባለው የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም ኃላፊ አድርገው ሾሙት። ኢትዮጵያና አሜሪካ በሰኔ 1943 ዓ.ም. በነጥብ አራት ተፈራረሙ። ቤኔት ግን የምክሩን ፍሬ አላየም። ታኅሣሥ 12 ቀን 1944 ዓ.ም. ቴህራን አጠገብ አውሮፕላን ተከስክሶ ከሚስቱ ከቬራ ጋር ሞተ። በዚያው ዓመት ግንቦት የኦክላሆማው ኮሌጅ ኢትዮጵያ ውስጥ የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ውል ፈረመ።

የውሉ ሰዎች ሥራ የጀመሩት ጅማ ላይ ነው። በ1945 ዓ.ም. የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የአለማያ ሕንፃ እስኪያልቅ ኮሌጁም ትምህርቱን በጅማ ጀመረ። ጃንሆይ በሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዋተር ድረስ ሄደው የኦክላሆማውን ኮሌጅ አዩ። በ1949 ዓ.ም. ተማሪዎቹ አለማያ ገቡ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ጃንሆይ በይፋ መረቁት። የተመረጠው ስፍራ ጃንሆይ የተወለዱበትና በወጣትነታቸው ያስተዳደሩት የሐረር አውራጃ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ የአምቦ ሰው ይታዘበኛል። ከዚህ በላይ ግን አልሄድም።

አለማያም ቢሆን ልጅነቱ ቀላል አልነበረም። ከውሉ እምብርት አንዱ ገበሬውን በየማሳው የሚያገኝ የእርሻ ኤክስቴንሽን አገልግሎት ነው። በአሰላና በፍቼ የተጀመረው አገልግሎት በኮሌጁ እጅ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከኮሌጁ ተነጥቆ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ። ለመሥሪያ ቤት ሥርዓት ትክክል ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን የቤኔት ምክር ለሁለት ተቆረጠ ባይ ነኝ። ተመራማሪው ለሚኒስቴሩ ሠራተኛ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ ገበሬው ለሁለቱም እንግዳ ሆነ። «ይህ ሥራ የማን ነው?» የሚለው የሴራምፖር ጥያቄ ሐረርጌ ላይ ዞሮ መጣ።

ሆኖም አለማያ አንድ ነገር ነበረው፤ አሥራ ስድስት ዓመት የቆየ ውል። ኦክላሆማ እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ሰው ላከ፣ መጽሐፍ ላከ፤ ኢትዮጵያውያንን ስቲልዋተር ወስዶ አስተምሮ መለሰ፤ የተመለሱትም ወንበሩን ተረከቡ። በ1977 ዓ.ም. አለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አምቦስ? አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ነበር፤ ኢንስቲትዩት ተባለ፤ ጁኒየር ኮሌጅ ተባለ፤ ኮሌጅ ተባለ፤ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ማኅተምና የደብዳቤ ወረቀት ይለወጣል፤ አሥራ ስድስት ዓመት አብሮ የሚቆይ ወዳጅ ግን በውል አልመጣለትም። ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ለመባል ከተከፈተ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ። ታላቅ ወንድም ታናሹ አግብቶና ወልዶ እስኪጨርስ ሚዜ ሆኖ እንደመኖር ነው።

ይህን በቁጭት ብቻ እንዳትሰሙት እፈልጋለሁ። የአምቦ ትምህርት ቤት በእነዚያ ዓመታት ሥራ ፈት አልነበረም፤ የእርሻ ሠራተኞችን ሲያወጣ ኖሯል። ትምህርት ቤት የሚለካው በማኅተሙ ከሆነ ሴራምፖርም ለሰማንያ ዓመታት በባዶ ቻርተር የተቀመጠ ኮሌጅ ነው። ግን ዋጋ ተከፍሏል፤ ዋጋውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከጊንጪ አልፋችሁ ኦሎንኮሚ ድረሱ።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ1950 የተወለዱት እዚያ ነው፤ በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው የተነሡ ሴት ነበሩ። ልጁ እሑድ ማታ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግሩ ሄዶ ሳምንቱን ሲማር ይከርማል፤ ዓርብ ተመልሶ እናቱ ቤት ይገባል። ያን የመሰለ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ የት ገባ? ጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት። በኦክላሆማ እርዳታ የተቋቋመው ነው። ከዚያ አለማያ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። ከዚያ አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። እ.ኤ.አ. በ1983 ድርቅን የሚቋቋም የማሽላ ድቅል ሱዳን ላይ አወጡ፤ ቀጥሎ አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ደም መጣጭ አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

አቀንጭራን የምታውቁ ገበሬዎች እዚህ አላችሁ። ማሽላው ከላይ ለምለም መስሎ ሳለ ሥሩን ከታች ይመጠምጠዋል፤ አበባው ብቅ ሲል ጉዳቱ ካለቀ በኋላ ነው። የገቢሳ ሥራ ማሽላው ለአረሙ ዘር «ንቃ» የሚል ኬሚካል ከሥሩ እንዳይለቅ፣ ወይም በጣም ጥቂት ብቻ እንዲለቅ ማድረግ ነው። አረሙ ሳይነቃ አፈር ውስጥ ይቀራል። ይህ ዕውቀት የተገኘው በቤተ ሙከራና በማሳ መካከል በመመላለስ ነው፤ ቤኔት በአንድ ጣሪያ ሥር ይሁን ያለው ይህን ነበር።

ኦሎንኮሚ ከአምቦ ሩቅ አይደለችም፤ የምዕራብ ሸዋ ልጅ የእርሻ ትምህርት ፍለጋ እስከ ጅማ ሄደ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ለምን ጅማን መረጡ የሚለውን መናገር የሳቸው ነው። እኔ የምለው ስለ ትምህርት ቤቶቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መግቢያ ጅማ ወደ አለማያ፣ አለማያ ወደ አሜሪካ የሚያደርስ የተሠራ መንገድ ነበረው። በዕድሜ የሚበልጠው የአምቦ ትምህርት ቤት ከእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ጋር አልተያያዘም። ባፕቲስቱ ቤኔት ባፕቲስቶች ወደ አምቦ በኩል በመጡበት ዘመን ኢትዮጵያን ጎበኘ፤ የእሱ ኮሌጅ ግን በሌላ በኩል አለፈ።

ሴራምፖሮች ከኪሳቸው ሠሩ፤ ስለዚህ ሲጣሉም፣ ሲቃጠሉም፣ ሲከስሩም «የኛ ነው» የሚል ሰው አላጡም። የእኛ ኮሌጆች ከቤተ መንግሥት ፈቃድና ከውጭ ውል ተወለዱ፤ ስለዚህ ፈቃዱ ሲዞር ወይም ውሉ ሲያልቅ ማን ይቆምላቸዋል የሚለው ጥያቄ ክፍት ይቀራል። ሴራምፖርን ከሞት ያዳነው አንድ የተጠበቀ ወረቀት መሆኑን አስታውሱልኝ። አምቦ ላይ ወረቀቱ በየቤቱ ነው ያለው፤ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ እዚህ የተማሩ አባቶቻችን የያዙት የምስክር ወረቀት፣ ከማሳው ዳር ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ከአስተማሪ የተጻፈላቸው ደብዳቤ። ከእነሱ መካከል በሕይወት ያሉት እያነሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስትገቡ ሣጥኑን ክፈቱ፤ ያገኛችሁትንም ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ፤ መስጠት ከከበዳችሁ ቅጂውን አስቀሩ። ዋናውን በእጃችሁ ብታስቀሩትም አይከፋኝም፤ ባለቤቱ እናንተ ናችሁና።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።